ያልደበቅሁት ዳቦ

በ1976 ክረምት አዋሳ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ቀይ ቀለም ስትቀባ፣ ከየአውራጃው የተመረጥን አርባ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ኮሌጁ ግቢ ገባን። ስምንት ሳምንት በነጻ እንማራለን፣ በነጻ እንበላለን፣ በነጻ እንተኛለን። መጨረሻ ላይ ከመቶ ሰባ ያመጣ የኮሌጅ መግቢያው ይረጋገጥለታል፤ ያላመጣ ወደ መጣበት ይመለሳል። እኔ የምመለስበትን አውቀዋለሁ። የአባቴ የጠሀ የጨርቅ ሱቅ ነው። የምዳርለት ሰው ደግሞ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ተመርጦ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ እየጠበቀኝ ነበር።

ከመቶው ሰባው ለኬሚስትሪ፣ ለባዮሎጂና ለሒሳብ ነው። ሠላሳው ግን «ተሳትፎ» ይባላል፤ ቅዳሜ ጠዋት አዳራሽ ውስጥ ቆሞ የሳምንቱን ጥፋት መናዘዝ ማለት ነው። ሂስና ግለ ሂስ። ሰብሳቢያችን ጓድ ደምሴ ካድሬ ከመሆኑ በፊት የስፖርት አስተማሪ ስለነበር፣ ስንናዘዝ ሰዓቱን እያየ ነው የሚያዳምጠን። አጭር ጥፋት አይወድም።

እኔ አምስት ቅዳሜ ተነሥቼ «ጥፋት የለብኝም» ብዬ ተቀመጥኩ። እውነቴን ነው፤ ቀመር ሳጠና ለጥፋት ጊዜ አልነበረኝም። አምስት ጊዜ ዜሮ ተሰጠኝ። በስድስተኛው ሳምንት ደምሬ ቀንሼ አየሁት። በትምህርቱ ከስልሳ ሁለት በላይ አላመጣም፤ የጎደለኝ ስምንት ነው፤ ስምንቱ ያለው አዳራሹ ውስጥ ነው።

ኩማ ጋ ሄድኩ። በግለ ሂስ ኩማን የሚያክል አልነበረም፤ አንድ ቅዳሜ ስለ ስንፍናው ሲናገር የሒሳብ አስተማሪያችን እንኳ መሐረብ አውጥተዋል። ኬሚስትሪ ላይ ግን ጨውን ከስኳር የሚለየው ቀምሶ ነው።

«ፈትያ፣ የነጋዴ ልጅ ሆነሽ ጥፋት አጣሁ ትያለሽ?» አለኝ። «አንቺ እኮ ከነጥፋትሽ ነው የተወለድሽው።»

«አባቴን ተወው። የዚህን ሳምንት ጻፍልኝ፣ የኬሚስትሪ ሥራህን እሠራልሃለሁ።»

«የላብራቶሪውንም ሪፖርት።»

«የላብራቶሪውንም። ግን የሚያስባርር እንዳይሆን።»

«ትንሽዬ ጥፋት ነው የምሰጥሽ። ለሰው የሚነገር።»

የሰጠኝ ይህ ነበር፦ ከምግብ አዳራሹ በየቀኑ አንድ ዳቦ እየደበቅሁ አልጋዬ ሥር አከማችቻለሁ፤ ይህም የግል ንብረት ፍቅር ከውስጤ እንዳልወጣ ያሳያል። በቃሌ አጠናሁት።

ቅዳሜ ከእኔ በፊት ጉልላት ተነሣ። የቄስ ልጅ ነው፣ ድምፅ አለው። ከምግብ አዳራሹ በየቀኑ አንድ ዳቦ እየደበቀ አልጋው ሥር ማከማቸቱን በዜማ ሊለው ምንም አልቀረው። ቀጥላ ብዙአየሁ ተነሣች። እሷም ዳቦ። ዞሬ ኩማን አየሁት፤ ጫማውን ይመረምራል። ስሜ ተጠራ። ሌላ ጥፋት አልነበረኝም። ዳቦ አልኩ።

ጓድ ደምሴ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ጓዶች፣ ይህ የግለሰብ ጥፋት አይደለም» አለ። «ይህ መረብ ነው።»

ወዲያው የሦስታችን አልጋ ተገለበጠ። ፍርፋሪ እንኳ አልተገኘም። ሌላ ሰው ቢሆን ዳቦ የለም ብሎ ይተወው ነበር። ጓድ ደምሴ ግን ዳቦው ቦታ መቀየሩን ደረሰበት።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቅረብ» አለ። «ያቀረበ ስሕተቱን በተግባር አርሟል። ያላቀረበ ጉባኤውን ዋሽቷል፤ የዋሸ ዛሬውኑ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል።»

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ስንት ዳቦ ነው የምናቀርበው?» አለ ጉልላት።

«የደበቅኸው አንተ፣ የምትጠይቀው እኔን?»

ጉልላትና ብዙአየሁ ዳቦ ሊገዙ ወደ ከተማ ሮጡ። እኔ አልሮጥኩም። የዛሬ ዳቦ የስድስት ቀን ዳቦ እንደማይመስል ለማወቅ ኬሚስትሪ አያስፈልግም።

መኝታ ክፍል ገብቼ የተገለበጠ ፍራሼ ላይ ተቀመጥኩ። ከጎኔ የምትተኛው ወንጌላዊት ከአልጋዋ ሥር የጨርቅ ከረጢት ጎትታ አወጣች። እዚሁ አዋሳ አጠገብ ያለችው የቡሹሎ ልጅ ናት፤ ስድስት ሳምንት አብረን ስናድር ሃያ ቃል አልተለዋወጥንም። ከረጢቱ በግቢው ዳቦ ሞልቷል፤ ሁሉም ደርቋል።

«ስድስት ይበቃሻል?» አለችኝ።

«ከየት አመጣሽው?»

«የራሴ ድርሻ ነው። እሑድ እሑድ እናቴ መጥታ ትወስደዋለች። ዘንድሮ በልጉ ከድቶናል።»

«ታዲያ ለምን አልተናዘዝሽም? አንቺም እኮ ተሳትፎሽ ዜሮ ነው።»

«ይሄ እውነት ነዋ» አለች። «እውነቱን ለእሱ ልንገረው?»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጓድ ደምሴ ዳቦዎቹን ጠረጴዛ ላይ አስደርድሮ አንድ በአንድ በእርሳስ መታቸው። የሁለቱ ዳቦ እርሳሱን ዋጠው። የእኔ ኳ አለ።

«ሐቅ ይህ ነው» አለና ሠላሳውን ሙሉ ሰጠኝ። ጉልላትና ብዙአየሁ በውሸት ተባረሩ። ዋሽተዋል። እኔም ዋሽቻለሁ፤ የእኔ ዳቦ ደረቅ ነበር። ኩማ የሁለቱን ሻንጣ ተሸክሞ እስከ በር ሸኛቸው።

ስድስቱ ዳቦዎች ለአሥረኛው ዓመት ኤግዚቢሽን በመስታወት ሣጥን ተቆለፉ። «የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈባቸው። በማግስቱ የወንጌላዊት እናት በር ላይ ከረጢቱን ተቀብለው በእጃቸው መዘኑት።

በመጨረሻው ቅዳሜ ወንጌላዊት ተነሥታ «ጥፋት የለብኝም» አለች። የጎደላት አራት ነጥብ ነበር።

«በጓድ ወንጌላዊት ላይ ሂስ ያለው?» አለ ጓድ ደምሴ፣ እኔን እያየ። ጎረቤቷ ነኝ። ዳቦው የእሷ ነው ብል ጥፋት ተገኝቶላት አራቱን ታገኛለች፤ እኔ ሻንጣዬን እይዛለሁ።

«የለኝም» አልኩ።

መስከረም ላይ የምስክር ወረቀቴን ልወስድ ስመጣ ኤግዚቢሽኑ ተከፍቶ ነበር። ሣጥኑ ባዶ ነው። ዘበኛው አይጥ ነው አሉኝ።

«ቁልፉን የከፈተው አይጥ ነው?»

«ቤተሰብ ያለው አይጥ ነው ልጄ» አሉ፣ ወደ ሌላ እያዩ።

ጓድ ደምሴ ግን መረብ ነው ብሎ ኮሚቴ አቋቁሟል። እኔንም በልምዴ የኮሚቴው አባል አድርጎኛል።