የቡርቃ ሴቶች ሸክም

ዘኪያ እንድሪስ የመመረቂያ ጥናቷን ርዕስ ጽፋ ለአማካሪዋ ስትሰጥ፣ ዶክተር ገብረ ማርያም አንብበው ሳቁ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ሃያ ዓመት ፊዚክስ ሲያስተምሩ «እንስራ» የሚል ቃል ያለበት ርዕስ ቀርቦላቸው ስለማያውቅ ነው።

«ፊዚክሱ የታለ?» አሏት መነጽራቸውን እያወለቁ።

«ሸክሙ ጀርባ ላይ ነው፣ ጀርባው ደግሞ ወደ ፊት ያጎነበሰ ነው፣ ዶክተር። ኃይሉ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ክረምት ቆቦ ላይ ነው። አብራት አንድ ወንበር ላይ የተማረችው ተናኜ በከተማው ጤና ጣቢያ ጤና ረዳት ሆና ነበር። ለዕረፍት የመጣችውን ዘኪያን አንድ ቀን ከሰዓት ቁጭ አድርጋ፣ ማህፀናቸው እየወጣ ስለሚመጡ የቆላ ሴቶች አጫወተቻት። በአንድ ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ሴቶች አይታለች። ይህ ነገር የት ጀመረሽ ብላ ስትጠይቃቸው አብዛኞቹ የሚሉት አንድ ነው፤ ውሃ መንገድ ላይ። ዘኪያ ታዲያ ሸክሙ ስንት ኪሎ ነው ብላ ጠየቀች። ተናኜ አታውቅም። የጤና ጣቢያው ኃላፊም አያውቅም። የጤፉንና የማሽላውን ኪሎ ሁሉም ያውቃል፤ የእንስራውን ግን ጠይቆ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ዘኪያ አዲስ አበባ ተመልሳ የሕክምና ትምህርት ክፍሉን ደጅ ጠናች። የእኛ ተማሪ አይደለሽም አሏት። ወደ ሴቶች ማኅበር ቢሮ ሄደች፤ ጥናቱ ስለ መደራጀት ከሆነ እናየዋለን፣ ስለ ማህፀን ከሆነ ግን ሐኪም ቤት ሂጂ አሏት። የቀራት የራሷ ክፍል ነበር። ዶክተር ገብረ ማርያም ብዙ ካሰቡ በኋላ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ቢያንስ አርባ ሴቶች በትክክል ካልተለኩ ርዕሱ ይሰረዝና እንደ ጓደኞቿ ስለ ፀሐይ ማሞቂያ ትጽፋለች።

በሰባ ስምንት ዓ.ም. የካቲት ላይ ቆቦ ገባች። ድርቁ ካለፈ ዓመት ሆኖታል፤ ነገር ግን የቆላው ጉድጓድ ሁሉ አላገገመም። ከአውራ ጎዳናው በስተምሥራቅ ያለችው ቡርቃ ስሟ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ ምንጩን ግን ከእነርሱም ያየው የለም። ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱት በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ከሚያስኬደው የጎሊና ወንዝ አሸዋ ቆፍረው ነበር። ባዶ እንስራ ይዘው ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሞልተው ሲመለሱ አራት ሰዓት።

የቡርቃ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ፈንታው ይባላል። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሲያይ የሚጠነክር ሰው ነው። ደብዳቤዋን አንብቦ፣ በጥሩንባ አስጠርቶ፣ አርባ ስድስት ሴቶች በሰልፍ አቁሞ ጠበቃት። ስማቸውንም ከነባሎቻቸው ጽፎ ሰጣት። ዘኪያ ሥራው እንዲህ በቀላሉ ይሆናል ብላ አላሰበችም ነበርና ደስ አላት። ከጤና ጣቢያው የተዋሰቻቸውን ሁለት ሚዛኖች፣ አንዱን የሚቆሙበትን፣ ሌላውን ሕፃን እየተንጠለጠለ የሚመዘንበትን፣ ለነገ ብላ አዘጋጅታ አደረች።

በማግሥቱ አንዲትም ሴት አልመጣችም። በሦስተኛውም ቀን። ውሃ መቅዳታቸው አልቀረም፤ በቁጥቋጦው በኩል ዞረው ነበር የሚሄዱት፣ መንገዱን በአንድ ሰዓት አርዝመው። ይህን ስትሰማ ዘኪያ አፈረች። ሸክማቸውን ልለካ ብላ መጥታ ሸክም ጨመረችባቸው።

ተናኜ ኡሙሃኒ ወደምትባል ሴት ቤት ወሰደቻት። ኡሙሃኒ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ ነገር ግን በመንደሩ ሴቶች ዘንድ ቃሏ የሚሰማ ናት። ተቀመጡ ብላ ውሃ ሰጠቻቸው። ዘኪያ ውሃውን ስትቀበል ከየት እንደመጣ አስባ መጠጣት አቃታት።

«ጠጪው እንጅ፣» አለቻት ኡሙሃኒ። «ለእንግዳ ነው ያመጣሁት።»

ጠጣች። ከዚያም ለምን እንደሚሸሿት ጠየቀች። ኡሙሃኒ ሳትደብቅ ነገረቻት። አምና እርዳታ መጣ ተብሎ ሰው ተሰበሰበ፤ ስም ተጻፈ፤ ተመዘኑ፤ ጤነኛና ጠንካራ የተባሉት መኪና ላይ ተጫኑ። ታናሽ እኅቷ ዓሊማ ከነባሏ ከተጫኑት ውስጥ ነበረች። ለሰፈራ ነው ተባለ እንጂ ወዴት እንደሆነ እስካሁን ወሬ የለም።

«አንች ደግ ልጅ ትመስያለሽ፣» አለቻት በመጨረሻ። «እኛ ግን የሚዛንን መጨረሻ አይተነዋል።»

ወደ ቆቦ ሲመለሱ ተናኜ ርዕሱን እንድትለውጥ መከረቻት፤ ፀሐይ ማሞቂያ ማንንም አያስፈራም አለቻት። ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ ዘኪያ ቆም አለችና ሴቶቹን የሚያስፈራቸው ሚዛኑ ሳይሆን የስም ዝርዝሩ መሆኑን ተናገረች። ለጥናቷ ስም አያስፈልጋትም። ኪሎ እንጂ የማን ኪሎ እንደሆነ ፊዚክስ አይጠይቅም።

በማግሥቱ ፈንታው ዘንድ ሄዳ ያለ ስም ልትሠራ እንደወሰነች ነገረችው። እርሱ አይሆንም አለ። ወረዳው ሪፖርት ይጠብቃል፤ የተለካች ሴት ሁሉ ስሟና ክብደቷ ተጽፎ አንድ ቅጂ ቢሮው መቅረት አለበት።

«ክብደታቸውን ለምን ፈለጉት፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሲጠይቁኝ የለም እንዳልል ነው።»

«እንግዲያው እኔም የለም እላለሁ።»

ፈንታው በእርሱ ገበሬ ማኅበር መሬት ላይ ሚዛን እንዳትተክል ከለከላት። አልጮኸም፤ ክልክል ነው ብሎ ብቻ ወጣ።

ዘኪያ ከዚያ ቀጥታ ወደ ኡሙሃኒ ቤት ሄደች። የስም ዝርዝሩን ከቦርሳዋ አውጥታ እመኚኝ ብዬ አልለምንሽም፣ ነገር ግን ይህ በእኔ እጅ መቅረት የለበትም ብላ ሰጠቻት። መከልከሏንም ነገረቻት። ኡሙሃኒ ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ገለበጠችው፣ ብዙ ስም ነው አለች፣ አጣጥፋም በጉያዋ ያዘችው። ከዚያ ዘኪያ ያልጠበቀችውን ጥያቄ ጠየቀቻት።

«ለመሆኑ አህያስ ስንት ትጫናለች? እርሱንም ትለኪያለሽ?»

ዘኪያ አላሰበችበትም ነበር።

«ለኪያ። እዚህ አገር ያረገዘች አህያ ወሯ ሲገባ አትጫንም። ግፍ ነው ይላሉ ወንዶቹ። እኔ ግን በሆዴ የያዝኳቸውን ሁለት ልጆች እንስራ አዝዬ ነው መንገድ ላይ ያጣኋቸው። ሚዛንሽ ይህን ካወጣልኝ እመጣለሁ።» ቀጥላም ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስል አከለችበት፤ «ጎሊና ደግሞ የፈንታው አይደለም። አሸዋው የሦስት ገበሬ ማኅበር ነው።»

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ዘኪያና ተናኜ ሚዛኖቹን በአህያ ጭነው ወንዙ ዳር ደረሱ። የመጀመሪያው ቀን አምስት ሴቶች ናቸው የመጡት። ሥራው እንደ ቤተ ሙከራ አልሆነላቸውም። የሚቆሙበት ሚዛን አሸዋው ላይ እየዘመመ አስቸገረ፤ አንዲት አሮጊት ልብስ የሚያጥቡበትን ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳየቻቸውና በእርሱ ላይ አስቀመጡት። የሕፃናቱ ሚዛን ደግሞ የሚለካው እስከ ሃያ አምስት ኪሎ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሙሉ እንስራ ሲንጠለጠል መርፌው እስከ ጫፉ ሄዶ ቆመ። ዘኪያ አንድ ጊዜ ሚዛኑን፣ አንድ ጊዜ ሴትየዋን አየች። እንስራውን የያዘችው ሴት የዘኪያን ትከሻ እንኳ የማትደርስ ነበረች። ውሃውን በጣሳ እየቀነሱ ሁለት ጊዜ መዝነው መደመር ግድ ሆነባቸው።

የጀርባውን ዝንባሌ ለመለካት ከግንበኛ የተዋሰችውን ቱምቢ ከትከሻቸው አንጠልጥላ በፕሮትራክተር አነበበች። ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁባት፤ እንደ ቤት ግድግዳ ልታቀናን ነው አሉ። ሐሙስ ዕለት ሃያ አንድ ደረሱ። በሁለተኛው ሳምንት ከዋጃ በኩል ያሉትም ሰምተው መጡ። ስም የለም፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለች ነው የምትጽፈው። ወደ አህዮቹም ዞረች፤ ቁመትና ደረታቸውን በገመድ ለክታ ክብደታቸውን ገመተች። አህያ የክብደቷን ሲሶ ትሸከማለች። ሴቶቹ የክብደታቸውን ግማሽ ከዚያም በላይ።

ተናኜ በበኩሏ ከቁጥቋጦው ጀርባ ነጠላ ጋርዳ ሴቶቹን አንድ በአንድ ታነጋግር ነበር። ኡሙሃኒ በየቀኑ እየመጣች ሌሎቹን ስታሰልፍ እርሷ ግን አልተለካችም። አርባ ሦስተኛዋ ሆና በመጨረሻው ቀን ቀረበች። ተመዘነች፤ አርባ አንድ ኪሎ። እንስራዋ ሃያ አራት። ነጠላው ጀርባ ስትገባ ዘኪያንም ነይ አለቻት። ስድስት ዓመት ሙሉ ማህፀኗን በጨርቅ ደግፋ ስትሄድ እንደኖረች፣ ለባሏም ለእናቷም ሳትናገር፣ ድምፅዋን ሳታነሳ ነገረቻቸው። ዘኪያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነበር።

«ጻፊው እንጅ፣» አለች ኡሙሃኒ። «ለመጻፍ አይደል የመጣሽው?»

ዘኪያ ጻፈች። ከአርባ ሦስቱ ውስጥ ይህ ችግር ያለባት አሥራ ሰባተኛዋ ሴት ነበረች።

ፈንታው ዘግይቶም ቢሆን ሰማ። ማክሰኞ ቆቦ በዘኪያ አባት የልብስ ስፌት ሱቅ በር ላይ ቆሞ አስጠራት። አባቷ እንድሪስ መቀሱን ጨርቁ ላይ ትቶ ከጎኗ መጥቶ ቆመ። ዘኪያ እንደምትታሰር አልተጠራጠረችም፤ ማስታወሻዎቿን ጠዋት ተናኜ ዘንድ ልካቸው ነበር። ፈንታው ግን ተቆጥቶ አልነበረም። ባለቤቱ ቆንጅት ትናንት ማታ ራት ላይ እኔም ተለክቻለሁ እንዳለችው ተናገረ። ከዚያ በኋላ ያለችውን ግን መድገም አልቻለም። ኮፍያውን አውልቆ አገላበጠው።

«የሚታከም ነገር ነው?» ብሎ ብቻ ጠየቀ።

የሚታከም መሆኑን፣ ቀዶ ሕክምናው ደሴ እንደሚሠራ፣ የመላኪያውን ወረቀት ተናኜ እንደምትጽፍለት ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ። ሲሄድ፣ ወረዳው ከጠየቀው ወንዙ ከእኔ ክልል ውጭ ነው እንደሚል ነገራት።

ሰኔ ላይ ዘኪያ ጥናቷን በሦስት ፈታኞች ፊት አቀረበች። በየእርምጃው የወገብ ጡንቻ የሚስበው ኃይል ከእንስራው ክብደት ስድስት እጥፍ እንደሚደርስ፣ ጫናው ወደ ሆድ ወርዶ የዳሌውን ወለል እንደሚገፋ በሥዕልና በስሌት አሳየች። ዶክተር ገብረ ማርያም ስለ ሚዛኑ ስሕተት መጠን አጥብቀው ጠየቋት፤ መለሰች። ፊዚክሱ ትክክል ነው ብለው ለሌሎቹ ተናገሩላት። ከፈታኞቹ አንዱ ግን አራተኛው ሠንጠረዥ፣ የአሥራ ሰባቱ ሴቶች ሠንጠረዥ፣ እንዲወጣ ጠየቁ። ፊዚክስ አይደለም፣ ማፈሪያም ነው አሉ።

«ካልወጣስ?» ብላ ጠየቀች።

ካልወጣ ውጤቱ ይቀነሳል አሏት። ዘኪያ ያን ሠንጠረዥ ለመጻፍ ምን እንደተከፈለ ልትነግራቸው ፈልጋ ነበር፤ ተወችው። አላወጣውም አለች። በመጨረሻም ለረዳት መምህርነት የማያበቃ ውጤት ሰጧት። ዶክተር ገብረ ማርያም ኮሪደሩ ላይ ደርሰውባት ከጥራዙ አንዱን ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ በገዛ እጃቸው እንደሚያስገቡ ቃል ገቡላት፤ አደረጉትም።

በመስከረም ቆቦ ሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ሆና ተመደበች። የጥናቱን ፍሬ ነገር በአማርኛ በሦስት ገጽ አሳጥራ ቡርቃ ላይ በስብሰባ አነበበችው። ወንዶቹም ነበሩ። የአህያዋ ነገር ሲደርስ አንድ ሽማግሌ «አስተግፊሩላህ» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ከብዙ ክርክር በኋላ ነፍሰ ጡር ሴት ስድስት ወር ካለፋት ውሃውን ባሏ በአህያ እንዲያመጣ ተስማሙ። የማያደርግም ነበር፤ የሚያደርገው ግን በዛ። የውሃ ጉድጓድ እንዲቆፈር የጻፉት ማመልከቻ ወረዳው ላይ ቀረ፤ ከዓመታት በኋላም ጦርነት መጣና የሚያነሳው ጠፋ።

ኡሙሃኒና ቆንጅት በአንድ አውቶቡስ ደሴ ሄደው ታከሙ። ኡሙሃኒ ሦስት ወር እንዳትሸከም ታዝዛ መጣች፤ ባሏ ታሂር መጀመሪያ አፈረ፣ በኋላ ግን አህያውን እየነዳ ከሴቶቹ ጋር ወንዝ ሲወርድ ለመደ። ከዓሊማ አሁንም ወሬ አልመጣም ነበር።

ጥር ላይ ከጎብዬ አካባቢ አስረሳሽ የምትባል ሴት አምስት ባልንጀሮቿን አስከትላ ዘኪያን ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ጠበቀቻት። የእኛ ውሃ ከቡርቃም ይርቃል፣ እኛን የለካን የለም አለቻት። ዘኪያ ስንት ሴቶች እንደሆኑ ጠየቀቻት። አስረሳሽ ወደ ባልንጀሮቿ ዞር ብላ ተማከረችና ስልሳ እንሆናለን አለች። ዘኪያ በዚያ ሳምንት የሚታረም የሦስት ክፍል ፈተና ነበራት። ሚዛኑን ከተናኜ ለመዋስ የዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች፤ ቅዳሜ ጠዋትም የጎብዬን መንገድ ያዘች።