አባቴ የደረደራቸው ቀለሞች

አባቴ ሙሔ ሚስት በማክበር ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ይጠቀሳል። ጨርቅ ቤታችን የገባች ሴት «አረንጓዴ ያውጡልኝ» ስትለው፣ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ወደ እናቴ ይዞርና፣ «ኑሰይባ፣ የቱን ትያለሽ?» ይላል። እናቴ በጣቷ ታመለክታለች። ከዱርቤቴ ከተማ የሚመጡ ሴቶች ባሎቻቸውን አስከትለው የሚገቡት ይህን እንዲያዩላቸው ነው።

እኔ ለመመረቂያዬ ቀለም የመለየት ችሎታን የሚፈትሽ ፕሮግራም እየሠራሁ ነበር። ተፈታኙ ስክሪኑ ላይ የተበታተኑትን ቀለሞች እየጎተተ፣ የሚቀራረቡትን አከታትሎ ይደረድራል፤ ኮምፒውተሩ በመስመር ያያይዛቸዋል። ጤነኛ ዓይን ክብ ያወጣል። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው መስመሩ ወዲያ ወዲህ ይራወጣል። ለሙከራ ዓይኑ የማያጠራጥር ሰው አስፈለገኝ። ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ከሸጠ ሰው የተሻለ ከየት ይመጣል?

ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ እንዳያርፍ በሩን ገርበብ አድርጌ አባቴን አስቀመጥኩት። ደረደረ። የወጣው ነገር የተወሳሰበ የዓሣ መረብ ይመስላል። ስህተቱ የኔ ነው ብዬ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አየሁት። እናቴን አስቀመጥኳት፤ ክብ ወጣ። አባቴን ደገምኩት፤ ያው መረብ።

«ፕሮግራሙ ገና አላለቀም፣ አባ» አልኩት። ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ወጣ።

«እማ፣ አባ ቀይና አረንጓዴ አይለይም።»

ጨርቅ ማጠፏን አላቆመችም። «ስንጋባ፣ ለኒካሃችን ቀይ ሻሽ ገዛሁልሽ ብሎ አረንጓዴ ሲያመጣልኝ አወቅሁ። እንዳወቅሁ ግን ነግሬው አላውቅም።»

«ስልኩ ቀለሙን በድምፅ እንዲነግረው ላደርግ እችላለሁ እኮ። ቀላል ነው።»

ይሄኔ እጇ ቆመ። «ከዚያ በኋላስ እኔን ምን ሊጠይቀኝ ነው?»

ቀላል ያልኩበትን አፌን ረገምኩት። ቀና ስል አባቴ ከሶላት ተመልሶ በሩ ላይ ቆሟል።

«የሚናገረውን ስልክ ሥሪው» አለኝ። እናቴ ሻሿን አስተካክላ፣ ያጠፈችውን ጨርቅ ፈታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

ሠራሁት። በአባቴ እየተናደድኩ ነው የሠራሁት። በማግስቱ አንዲት ገዢ አረንጓዴ ጠየቀች፤ አባቴ ስልኩን ጣቃው ላይ ደገነ። ድምፁን መቀነስ ረስቼ ኖሮ፣ «አረንጓዴ!» ሲል ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

አባቴ እንደ ወትሮው ዞረ። «ኑሰይባ፣ አረንጓዴ ነው ይላል። አንቺስ?»

እናቴ ጨርቁን አየችው። እንደ መስከረም ሣር አረንጓዴ ነበር።

«ይዋሻል» አለች።

አባቴ ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተና፣ «እሺ፣ የቱ ነው?» አላት።