ምርጊት

ስንጥቁ ተመልሷል። ይኸነው ትናንት በገዛ እጁ የለሰነውን የሲሚንቶ ምሰሶ ከላይ እስከ ታች ዳበሰው። ጣቱ ስንጥቁ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም።

ያደገው እዚሁ እንጅባራ፣ በባሕር ዛፍ ተማግሮ በጭድ ጭቃ በተመረገ ቤት ነው። ጭቃ ቤት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ክረምቱ ሲወጣ መልሶ ይመረጋል፤ ሌላ ጣጣ የለውም። አባቱ ዕድሜውን ሙሉ ሲመርገው ኖሮ ሞተ፤ ቤቱ ግን ቆሞ ቀረ። ይኸነው ያንን አፍርሶ ባለሦስት ፎቁን ሲያቆም ኩራቱ ልክ አልነበረውም። የመምረግ ልማዱን ግን አብሮ አላፈረሰውም።

«ዛሬም ልትለስነው ነው?» አለች ባለቤቱ ካሳነሽ ከኋላው።

«ቤት ሲረጋ እንዲህ ያደርገዋል።»

«መሐንዲሱን ጥራው። ልጄ ከሥሩ መድኃኒት ቤት ከፍታ ልትውል ነው እኮ።»

«ምርቃቱ ይለፍ።»

በምርቃቱ ቀን መሐንዲስ መጥራት፣ ቤቴ ታሟል ብሎ ለአገር ማወጅ መሰለው። ፈርቷል፤ ከፍርሃቱ ግን እፍረቱ በለጠ። ስንጥቁ ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቀለበት።

ረፋዱ ላይ ቄሱ መጥተው የመድኃኒት ቤቱን ግድግዳ ጠበል ረጩት። ዳቦው ተቆረሰ፤ ጎረቤቱ ጠቅጠቅ ብሎ ተቀመጠ። ልጁ ቤዛዊት ነጭ ጋወኗን ለብሳ ከባንኮኒው ኋላ ስትቆም ይኸነው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቄሱን ሊሸኝ ሲወጣ የሐምሌ ዝናብ በንፋስ እየተገፋ ይገባ ስለነበር፣ ቤዛዊት በሩን ከኋላው ዘጋችው።

ቄሱን ባጃጅ ላይ አሳፍሮ ተመለሰና በሩን ገፋው። አልከፈት አለ። በትከሻው ደገመው። የበሩ አናት ጉበኑን ነክሶ ይዟል።

«አባዬ፣ ጠንከር አድርገህ ግፋው» አለች ቤዛዊት ከውስጥ እየሳቀች። «ዝናቡ አሳብጦት ነው።»

የአባቱም በር ክረምት በገባ ቁጥር እንዲህ ያደርግ ነበር። እሺ ሊላት አፉን ከፈተ። ከዚያ መዳፉ ሥር ያለው ቅዝቃዜ ተሰማው። የአባቱ በር ዋንዛ ነበር። ይሄ ብረት ነው።

ለመድኃኒት ቤቱ ሌላ መውጫ አላበጀለትም።

«ቤዛ» አላት በሩን መግፋቱን ትቶ፤ «ሰዉ ሁሉ ዝም ይበልና ወደ በሩ ይጠጋ።»

ሳቁ ቆመ። ወንበር ተንኳኳ፤ ከዚያ እሱም ጸጥ አለ። ፎቁ ግን ጸጥ አላለም።