ልጣጩ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል

ኮምጣጤውን የመታጠቢያ ገንዳው ላይ ባፈሰሰችበት ቅጽበት ጉሮሮዋን አንቆ የሚይዝ ነገር ተነሳ። ብሩሹን ጥላ ወደ ኋላ ተንፏቀቀች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ደረቷ ተቃጠለ። ለስድስት ዓመት ቤት ስታጸዳ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሟት አያውቅም። የምትሠራበት ሁሉ ከማድ ቤት የሚወጣ ነው፤ ኮምጣጤ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ጨው። ደንበኞቿ ስሟን ትተው «ሎሚዋ» የሚሏትም ለዚህ ነው።

ከኮሪደሩ የልጅ ሳል ሰማች።

ሳሉ አንድ ሁለት ብሎ አላቆመም። የቤቱ ልጅ፣ የስድስት ዓመቷ፣ በሩ ላይ ቆማ አፏን ከፍታ አየር ትፈልጋለች። አስም አለባት፤ እናቷ ሎሚዋን የቀጠረቻትም በዚሁ ምክንያት ነበር። ሎሚዋ ትንፋሿን ይዛ ልጅቷን አፈፍ አደረገችና የመታጠቢያ ቤቱን በር በእግሯ ዘግታ ወደ በረንዳው ሮጠች።

«እትዬ! መድኃኒቷን! ቶሎ ይምጡ!»

እናትየው አስተማሪ ናት፤ ሳሎን ተቀምጣ ፈተና ታርም ነበር። ወረቀቱን በትና መጣች። በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ሰጠቻት፣ ደገመቻት። የልጅቷ ከንፈር ጠቆር ማለት ጀምሯል።

«ምንድን ነው የረጨሽው?»

«ሎሚና ኮምጣጤ ብቻ ነው። ልጆቼን ይንሳኝ፣ ሌላ ነገር የለበትም!»

አስተማሪዋ ልጇን ታቅፋ ደረጃውን ወረደች፤ በታክሲ ወደ ክሊኒክ ከነፉ።

ሎሚዋ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍታ፣ አየሩ እስኪጠራ ጠብቃ፣ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ሸፍና ተመልሳ ገባች። ኮምጣጤ የምትደርበው ነጭ የውኃ ዝቃጭ በሚይዘው በዚህ ገንዳ ላይ ብቻ ነው። ከኮምጣጤው በፊት ገንዳውን የረጨችበትን ጠርሙስ አንስታ ከፈተችው። አሸተተችው። ሎሚ ሎሚ ይላል። ከሎሚው ሥር ግን ሌላ ሽታ አለ። ለወራት ዓይኗን ሲለበልባት ኮምጣጤው ነው ስትል የከረመችው ሽታ። ከጠርሙሱ ጥቁር ሽርጧ ላይ ጠብ አደረገች። ጨርቁ ጥቂት ቆይቶ ቀላ፤ ከዚያ ነጣ።

በረኪና።

ጠርሙሶቹን የምትሞላው ታናሽ እህቷ ናት። እናታቸው ስትሞት ሎሚዋ ያሳደገቻት፣ ሥራ ስታጣ ሙያውን ያስተማረቻት እህቷ። ሎሚዋ ቤት ለቤት ትዞራለች፤ ታናሽየዋ በተከራዩአት አንዲት ክፍል ውስጥ ልጣጩን በኮምጣጤ ትዘፈዝፋለች፣ ታጠላለች፣ ትሞላለች።

ክፍሉ ስትደርስ እህቷ ስልኳን እየነካካች ነበር። ሎሚዋ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ምን ጨመርሽበት?»

«የቱ ላይ?»

«እኔ ላይ አትቀልጂ!»

እህቷ ጠርሙሱን አየች፤ ከዚያ ሽርጡ ላይ ያለውን ነጭ ነጠብጣብ።

«ልጣጩ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፣ እታለም። ሃያ ሦስት ቤት ሁለት ሳምንት ይጠብቃል? ትንሽ በረኪና፣ ብዙ ውኃ፣ የሎሚ ሽቶ። ማንንም አልጎዳም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አራት ወር።»

ሎሚዋ በሐሳቧ ቤት ለቤት ዞረች። «እጅሽ ምን አለው? ሴራሚኩ እንዴት ነጣ!» ያለቻት ነርስ ትዝ አለቻት። ለጎረቤቶቻቸው ሁሉ ስለ እሷ ያወሩላት ጡረተኛ ትዝ አሏት። እንዲህ ባሏት ቀን ድካሟ ብን ብሎ ይጠፋ ነበር። ለካ ሲያመሰግኑ የከረሙት በረኪናውን ኖሯል።

«የአስተማሪዋ ልጅ ዛሬ ታፍና ክሊኒክ ገባች! ያቺ ሕፃን አስም እንዳለባት አታውቂም?»

«አውቃለሁ እንጂ! ለእነሱ ቤትማ ንጹሑን ለብቻው አስቀምጬ እኔው ነኝ የማቀብልሽ። ዛሬ ጠዋት ቸኩለሽ ራስሽ ከሌላው መደርደሪያ አነሳሽ እንጂ።»

ሎሚዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ «ባታውቅ ነው፣ ልጅነት ነው» እያለች ይቅርታ ስታዘጋጅላት ነበር የመጣችው። እህቷ ግን እያወቀች ለይታለች። ጉዳቱን አውቃ መደርደሪያ ከፍላለታለች፤ ለእሷ ግን ትንፍሽ አላለችም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስትሰማ፣ የሰው ፈረስ ይመስላት ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ሆነ በያ!»

«እንደዚያ አልወጣኝም። ለኛ ብዬ ነው፤ ለልጆችሽም ጭምር። ዓለም በልጣጭ አይኖርም፣ እታለም።»

የሎሚዋ ስልክ ጮኸ። አስተማሪዋ ናት። ድምፁን ከፍ አድርጋ አነሳችው።

«ኦክስጅን ሰጥተዋት ትንሽ ተሽሏታል። ሐኪሙ ግን ምን እንደሳበች ልወቅ ይላል። አንቺ ሎሚ ነው ብለሻል፤ ምናልባት ጎረቤት ቀለም እየቀባ ይሆን?»

እህቷ ሁለት እጇን አጋጥማ፣ ያለ ድምፅ፣ በከንፈሯ ብቻ «አዎ በያት» አለች።

«ቀለም አይደለም፣ እትዬ። ጠርሙሱ ውስጥ በረኪና ነበረበት፤ ኮምጣጤ ስጨምርበት መርዝ ሆነ። ለሐኪሙ እንደዚሁ ይንገሩት።»



«በልጆችሽ ምለሽልኝ ነበርኮ።»

«ምያለሁ። ሳላውቅ ነው የማልኩት።»

«ታዲያ ማን ጨመረበት?»

ታናሽየዋ ልጅ ሳለች የሰበረችውን ብርጭቆ፣ የቀደደችውን መጽሐፍ ሁሉ «እኔ ነኝ» ብላ የምትቀበልላት ሎሚዋ ነበረች። አፏ ስለለመደ ያንኑ ሊል ከጫፍ ደረሰ።

«እህቴ» አለች።

አስተማሪዋ ዘጋችው።

«የእናትሽን ልጅ አሳልፈሽ ሰጠሽ!» አለች ታናሽየዋ ከወንበሯ ተነስታ። ፊቷ በእንባ ታጥቧል።

ሎሚዋ ስልኳ ላይ የደንበኞቿን ስም ከላይ ጀምራ መፈለግ ያዘች።

«ለሌሎቹማ ተይ! እነሱ ምን ሆኑ? አንዳቸውም አላወቁም!»

«እኔም አላወቅሁም ነበር።»

ነርሷ ጋ ደወለች። ስልኩ እየጠራ፣ ሌላውን እጇን ወደ እህቷ ዘረጋች።

«የክፍሉን ቁልፍ» አለች።