የበርኒ ጃንጥላ

ሃዊ ግላዘር በአንድ እጁ የተጨሰ ዓሣ የሞላበት ሳህን፣ በብብቱ ደግሞ ቡናማ ፖስታ ይዞ ገባና ከቶድ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ምንም አልተናገረም። የአይሁድ የሐዘን ወግ እንደዚያ ነው፤ ለቅሶ ደራሽ አፉን የሚከፍተው ሐዘንተኛው ከተናገረ በኋላ ነው። ቶድም ይህን ስለሚያውቅ ሆን ብሎ ዝም አለ። ሃዊ በሰባ ስድስት ዓመት ዕድሜው አንድ ደቂቃ ዝም ብሎ የማያውቅ ሰው ስለነበር፣ ሳህኑን ከአንዱ ጉልበቱ ወደ ሌላው ሲያዛውር ማየት በእነዚያ አራት ቀናት የተገኘች ብቸኛ መዝናኛ ነበረች።

"ዓሣው ይሸታል፣ አጎቴ ሃዊ" አለ ቶድ በመጨረሻ።

"ተመስገን። ልፈነዳ ነበር።"

የሥጋ አጎቱ አይደለም። የሟቹ የአባቱ የበርኒ ዋክስለር ጓደኛ፣ የቤተሰቡም የኢንሹራንስ ወኪል ነው። በርኒ እሑድ ሞቶ ሰኞ ተቀበረ። ዛሬ ዓርብ ነው። ቶድና እናቱ ሪታ መስተዋቶቹ በአንሶላ በተሸፈኑበት ሳሎን፣ ቀባሪዎቹ ባመጧቸው እግረ አጭር ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል። ቶድ ጢሙን አልተላጨም፤ ደረቱ ላይ ለሐዘን ምልክት በመቃብሩ አፍ የተቀደደች ጥቁር ጥብጣብ ተሰክታለች። ውጪ የክሊቭላንድ የኅዳር በረዶ ይጥላል፤ የሚገባው ሰው ሁሉ ጫማውን እያራገፈ በርኒ ደግ ሰው ነበር ይላል። ቶድ አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ይህን ቃል በአራት ቀን የሰማውን ያህል በአርባ አራት ዓመት አልሰማውም።

ከኩሽና ሁለት የጎረቤት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ይሰማል።

"በርኒን ሆስፒታል ያመላልሰው የነበረው እሱ ነው?"

"እሱ ነው።"

"መኪና ሰጡት?"

"አሁን አይጠጣም ይባላል።"

"ይባላል" አለች የመጀመሪያዋ፤ ሳህን የማጠብ ድምፅም ቀጠለ።

ቶድ ጆሮው ቀላ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ማለዳ፣ ያደረው መጠጥ ሳይለቀው የአባቱን መኪና እየነዳ ወጥቶ ደብዳቤ የሚያድል ሰው ገጨ። ሰውዬው እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ዛሬም እያነከሰ ነው የሚሄደው። የመኪናው ኢንሹራንስ ካሳውን ሊሸፍን አልቻለም። ቤታቸውን ያተረፈው በርኒ "ጃንጥላው" የሚለው ሌላው ውል ነበር፤ የታችኛው ኢንሹራንስ ሲያልቅ ከላይ ተዘርግቶ የሚጠብቀው። በርኒ በልጁ ላይ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻል ነበር።

በርኒ ጃንጥላ የወደደው በከንቱ አይደለም። ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ የአባቱ የልብስ ንጽህና መስጫ ቤት መኪና አንዲት ሴት ገጭቶ፣ ፍርድ ቤቱ ንጽህና መስጫውንም ቤቱንም ወስዶ፣ አምስት ሆነው ከሥጋ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ተቆልለው አደጉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። በየኅዳሩ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ቢጫ እርሳሱን ይዞ ይቀመጥና "በእኛ ምክንያት ማን ሊጎዳ ይችላል?" እያለ ይጽፋል። ሰው የሚፈራው የሚጎዳውን ነገር ነው፤ በርኒ የሚፈራው እሱ ራሱ የሚጎዳውን ሰው ነበር። በረዶ የሚይዘው የደጁ ደረጃ። ጎረቤት ጣሪያ ላይ የተንጋደደው ቅርንጫፍ። ውሻው። ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ሚሊዮን ሲረካ እሱ ሁለት፣ ሦስት እያለ አምስት ገባ። "ያለህን ያህል ግዛ ይሉሃል፣ ሞኞች" ይል ነበር። "የሚገዛው ልታጣው የምትፈራውን ያህል ነው።"

ሃዊ ጎንበስ ብሎ ለሪታ አንሾካሾከላት። "የጃንጥላው ውል ዛሬ ያልቃል፣ ሪታ። ነገ ሰንበት ነው። ራቢውን ጠይቄያለሁ፤ በሰባቱ የሐዘን ቀን ሥራ ባይሠራም የሚጠፋ ነገር ካለ ይፈቀዳል ብሎኛል።"

"ምን ይጠፋል?"

"ቤትሽ።"

ቤቱ በሰው ስለተሞላ ሦስቱም ልብስ ማጠቢያ ክፍሏ ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ። ሃዊ ወረቀቶቹን በማጠቢያ ማሽኑ ክዳን ላይ ዘረጋ።

"ሁለት መንገድ ነው ያለው" አለ። "ወይ እንደ ድሮው አምስት ሚሊዮን፣ ወይ ሁለት።"

"ልዩነቱ ምንድን ነው?" አለ ቶድ።

ሃዊ ሪታን አያት። ሪታ የሳሙናውን ካርቶን አየች።

"አንተ ነህ" አለ ሃዊ።

ቶድ ነገሩ አልገባውም። ሃዊ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ አስረዳው፤ ሕይወቱን ሙሉ ለሰው ውል ሲያስረዳ የኖረ ቢሆንም ያን ቀን ድምፁ ተሰበረበት። ኩባንያው ቶድን ከቤተሰቡ ጋር ካስገባ ከሁለት ሚሊዮን በላይ አይሄድም። ቶድ ከወጣ አምስት ይሰጣል። ከወጣ ግን፣ ቶድ መሪ በያዘ ቁጥር ጃንጥላው ይታጠፋል።

"ባለቤቱ ይፈርማል። የሚወጣውም ሰው አውቄያለሁ ብሎ ከሥር ይፈርማል።"

"እኔ እንደዚህ ያለ ነገር ፈርሜ አላውቅም" አለ ቶድ።

ሃዊ የአምናውን ቅጂ አወጣና አጠገቡ አስቀመጠ። ከላይ የበርኒ ፊርማ አለ። ከሥር ቶድ ዋክስለር ይላል። ስሙ የራሱ ነው፤ እጁ ግን የራሱ አይደለም። የመጀመሪያዋ ፊደል ከላይ ረዥም፣ ወደ ቀኝ የሚወርድ ሰረዝ አላት፤ በርኒ በየኅዳሩ ዝርዝሩን ሲጽፍ እንደሚያደርጋት። ቶድ ማሽኑን ተደገፈ።

"ስንት ጊዜ?"

"አሥራ ሁለት" አለ ሃዊ። "መጀመሪያ አምስት ዓመት ምርጫ አልነበረውም፣ ማንም ኩባንያ አይወስድህም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን... እጠይቀዋለሁ። በርኒ፣ ልጁ እኮ ትቷል፣ ሁለት ይበቃሃል፣ አስገባው እለዋለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ይለኛል።"

"ሰባት ዓመት ለሚቀጥለው ዓመት?"

ሃዊ የወረቀቶቹን ጠርዝ አስተካከለ።

"ሁለት ዓመት እኮ ኩላሊት እጥበት ያመላለስኩት እኔ ነኝ። በሳምንት ሦስት ቀን። በሱ መኪና። ያንን ሁሉ ጊዜ ያውቅ ነበር?"

"ለቀባሪው አረዱት አሉ። ራሱ አይደል እንዴ የፈረመው?"

ያ መንገድ ለቶድ ከአባቱ ጋር የታረቀበት መንገድ ነበር። በርኒ ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ በሁለት እጁ ጨብጦ ይቀመጥና የትራፊክ መብራት ጋ በደረሱ ቁጥር "ቀይ ነው" ይላል፤ ቶድ የማያይ ይመስል። ሬዲዮው ላይ የከተማቸው ቡድን ይሸነፋል። በርኒ ቡድኑን ይረግማል። አንድ ቀን ሲመለሱ ደክሞት እንቅልፍ ወሰደው፤ ጭንቅላቱ ወደ ልጁ ትከሻ ዘንበል አለ፤ ቶድ እንዳይቀሰቅሰው ሌላ ረዥም መንገድ ዞሮ ቤት ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። መያዣውን የሚጨብጠው ከሕመሙ የተነሳ ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። አሁን ግን ሕመም ይሁን ፍርሃት አያውቅም፤ ማወቂያውም ከሰውዬው ጋር ተቀብሯል።

"አብደሃል ወይ ብዬዋለሁ" አለ ሃዊ። "ታክሲ ያዝ፣ ሰው ብትገጩ ቤትህ ይሄዳል አልኩት።"

"ምን አለህ?"

ሃዊ አመነታ። ሐዘንተኛን በውሸት ማጽናናት ኃጢአት እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው ነው። ከሐምሳ ዓመት በላይ የበርኒ ጓደኛ ስለነበረ ግን አልቻለበትም።

"ታክሲ ውድ ነው አለኝ።"

ቶድ ሳቀ። ሳቁ ከአፉ ፈንድቶ ወጣ፤ ሳሎኑ ውስጥ ወሬው ጸጥ ሲል ተሰማው። ሪታም አፏን በመሐረብ ይዛ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የቶድ ሳቅ መረረ። ከውሉ መውጣቱ አይደለም ያቃጠለው፤ ጥፋቱን ያውቃል፣ እግሩ የተሰበረውንም ሰው በየመንገዱ ያየዋል። ያቃጠለው በየኅዳሩ አባቱ እላይ የልጁን ስም ሲጽፍ እሱ ከሥር፣ ምድር ቤት ካለችው ክፍሉ ውስጥ መኖሩ ነው። በመካከላቸው የነበረው አሥራ ሦስት ደረጃ ነው። ዋሾ መሆን፣ ፊርማ መስረቅ ለአባቱ አሥራ ሦስት ደረጃ ከመውረድ ቀለለው።

"ለምን አልነገረኝም፣ እማ?"

"ሊነግርህ ነበር" አለች ሪታ። "የመጀመሪያው ዓመት ወረቀቱን ይዞ ወደ አንተ ወረደ። ግማሽ ደረጃ ላይ ቆሞ አየሁት። ብዙ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ መጣና 'ሪታ፣ እስክሪብቶ አለሽ?' አለኝ። ሰጠሁት።"

"አንቺም ታውቂ ነበር።"

"እስክሪብቶው የእኔ ነበር አልኩህ እኮ።"

ከሳሎን ሰው ለመሰናበት ጠራት። ሃዊ ሰዓቱን በጎሪጥ አየ።

"ዘጠኝ ዓመት አልቀመስኩም" አለ ቶድ። ሊለምን አልፈለገም፤ ድምፁ ግን ለመነ። "ሁለት ሚሊዮን ይበቃሻል፣ እማ። አስገቢኝ።"

ሪታ የማሽኑን ክዳን በእጇ ጠረገች፤ አቧራ አልነበረበትም።

"ይበቃኝ ይሆናል" አለች። "ባይበቃስ? ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ቶዲ። ያለኝ ይህ ቤትና አባትህ ያከራየው ሱቅ ነው። ከዚህ ቢያስወጡኝ የት እገባለሁ? አንተ ጋ? አንተ ያለኸው እኔ ጋ ነው።"

ይህን ያለችው ልታዋርደው አልነበረም። እውነት ስለነበረ ነው የባሰው። እናቱ የቶድን ዓይን ላለማየት ወደ ሃዊ ዞረች።

"አምስት" አለችው።

ፈረመች። ከዚያ እስክሪብቶውን ለልጇ ዘረጋችለት። "የአንተን ራስህ ፈርም። እኔ እንደ አባትህ አልችልበትም።"

ቶድ ተቀበላት። ከመስመሩ በላይ ሲደርስ ሃዊ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አንድ ነገር... ኩባንያው አንዳንዴ ፊርማ ያስተያያል። የዘንድሮው ከድሮዎቹ ከተለየ፣ ያኔ የፈረመው ማን ነው ይላሉ። ምስክር ብዬ የፈረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የአባትህም ስም..."

ቶድ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ የአምናውን ቅጂ ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ከአዲሱ ጎን አስተካክሎ አስቀመጠው። ጎንበስ አለ። መጀመሪያ ያቺን ረዥም ሰረዝ ከግራ ጀምሮ ወደ ቀኝ እየወረደ አሰመረ፤ ከዚያ ፊደል በፊደል፣ እየቆመና እያየ፣ አባቱ በጻፈለት እጅ የገዛ ስሙን ጻፈ።