ሁለት ጤነኛ እግር ይዞ በዊልቸር

አምስት ልጅ ወልጄ፣ አዝዬ፣ ተሸክሜ ካሳደግሁ በኋላ እግሬን የሚጠራጠር ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጠርጣሪዋ ደግሞ የመጨረሻዋ ልጄ ናት። በኦፕራሲዮን ልትወልድ ቀን ተቆርጦላት "እማዬ ድረሺልኝ" ብላ ቲኬት ላከች። እኔ በምደርስበት ማግስት ነው የምትገባው። ቲኬቱ ላይ ግን ሳታማክረኝ "መራመድ አትችልም" ብላ ዊልቸር አስሞልታልኛለች። ለምን ቢባል፣ እናቷ ሰሌዳ ማንበብ ስለማትችል ትጠፋለች። አለማንበብ ከመቼ ወዲህ ነው የእግር በሽታ የሆነው?

አውሮፕላን ጣቢያ ስደርስ አልቀመጥም ብዬ ነበር። ወንበሩን የሚገፋው ልጅ "እማማ፣ ካልተቀመጡ እኔ ነኝ የምቀጣው" ሲለኝ አሳዘነኝና ተቀመጥኩ። አልዋሽም፣ ወንበሩ ክፉ አልነበረም። ሰልፍ የሚባል ነገር የለም! ባለከረባቱ ሁሉ ጫማውን አውልቆ፣ ቀበቶውን ፈትቶ፣ ሱሪውን በእጁ ይዞ ሲቁለጨለጭ እኔ እንደ ሙሽራ አለፍኩ። የፀጉር ቅባቴን ግን ቀሙኝ። አውሮፕላን በፀጉር ቅባት ሲፈርስ ያየ ካለ ይንገረኝ።

አውሮፕላን በምንቀይርበት ቦታ አንድ ጥግ ላይ ደረደሩን። ሦስት ሴቶችና ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ነን። አጠገቤ ያለችውን "አንቺ ምንሽን ነው?" አልኳት።

"ምኔንም። ልጄ ነው ያስሞላው። አንቺስ?"

"የእኔም ልጄ ናት።"

ሦስተኛዋ "እኔ እንኳ ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ" ስትል በሳቅ ሞትን።

ሳቁ አልቆየም። ሁለቱን ሴቶች ሌላ ሰው መጥቶ ወሰዳቸው። የእኛ ገፊ "መጣሁ" እንዳለ ቀረ። ዊልቸር ላይ የተቀመጠን ሰው ማንም አያየውም፣ እንደ ጓዝ ነው። ሽማግሌው ሰዓታቸውን አይተው "ሃያ ደቂቃ ቀረን። ይኼ ካመለጠን ቀጣዩ ከሦስት ቀን በኋላ ነው" አሉ።

ሦስት ቀን! ልጄ ኦፕራሲዮን ክፍል ስትገባ በሩ ላይ ማን ሊቆም ነው? ባሏ እንደሆነ ደም ሲያይ የሚወድቅ ነው። ብድግ አልኩ።

"ማንበብ ይችላሉ?"

"ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ።"

"እንግዲያስ እርስዎ ያንብቡ፣ እኔ እገፋለሁ።"

"ኧረ እመቤቴ፣ እኔ እኮ…"

"ዝም ይበሉና ሰሌዳውን ይዩ!"

ገፋኋቸው። "ወደ ቀኝ! አሁን ወደ ግራ!" እያሉ እንደ ጄኔራል ያዝዙኛል። ሰው ሠራተኛ እየመሰልኩት መንገድ ይለቃል። እንዲያውም አንዷ "ሽንት ቤቱ በየት ነው?" አለችኝ። "ቀጥ ብለሽ ሂጂ" አልኳት፤ የት እንዳለ በምን አውቄ።

የመሳፈሪያው በር ላይ ስንደርስ ላብ አጥምቆኛል። ስም የምታጣራው ልጅ አንዴ ወረቀቷን፣ አንዴ እኔን ታያለች።

"ዊልቸር ላይ ያሉት እናት የታሉ?"

"እኔ ነኝ።"

"እርስዎማ እየገፉ ነው።"

"የሚገፋኝ ሲጠፋ ምን ላድርግ?"

"የእሳቸው 'ረጅም መንገድ ይከብዳቸዋል' ነው የሚለው። የእርስዎ ግን ጭራሽ 'አይራመዱም' ይላል። ወንበር ላይ ሳይሆኑ ማስገባት አይፈቀድልኝም። ሌላ ወንበር እስኪመጣ ደግሞ በሩ ይዘጋል፣ እማማ።"

ይኼኔ ሽማግሌው ብርድ ልብሳቸውን አጥፈው ቀጥ ብለው ተነሡ። እንደ ወጣት!

"ይቀመጡ እመቤቴ። የእኔንም ልጄ ነው ያስሞላው።"

"ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ ስገፋዎት አፍዎን ምን ያዘው?"

"ልናገር ስል ዝም ይበሉ አሉኝ። ኋላ ደግሞ… ተመቸኝ።"

አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኳቸውና ተቀመጥኩ። "በሉ ይግፉ!" አልኳቸው። ወገቤን ወገቤን እያሉ እስከ አውሮፕላኑ በር ገፉኝ።

ስደርስ ልጄ ያን የሚያህል ሆድ ይዛ ቆማለች። ሳትስመኝ "እማዬ፣ ዊልቸሩስ?" አትለኝም!

"ስሚ" አልኳት፣ "ነገ በሩ ላይ በእግሬ እቆማለሁ። አሁን ግን መኪና ውስጥ ሳንገባ ስልክሽን አውጪና ደውዪላቸው። 'እናቴ ትራመዳለች፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት' በያቸው፣ እኔ እየሰማሁሽ። ለመመለሻዬ ወንበሩ ይቅር። ሰልፍ ግን አትሰለፍም በያቸው።"