የዶኛ ሳቢና ምክር በስልክ ላይ

ልጅቷ ሊማ ሄዳ ብትታመም ውሃ የሚያቀብላት ማን ነው? ዶኛ ሳቢና ይህን ራሳቸውን መጠየቅ ከጀመሩ ሰነባብተዋል። የልጅ ልጃቸው ዩዲት ቁርጡን ነግራቸዋለች፦ ከተማው በጭፈራና በመለከት ለሚያከብረው ለካንዴላሪያ በዓል እንኳ የእንግዳ ማረፊያቸው ሰው ካላገኘ፣ ተራራ ላይ ያለችውን የሐይቅ ዳር ከተማቸውን ፑኖን ትታ ዋና ከተማው ሊማ ሥራ ልትፈልግ ነው።

"እማማ፣ ሰው አሁን ክፍል የሚይዘው በስልኩ ነው። እስቲ የእኛን ድረ ገጽ በስልክ ይክፈቱት" አለቻቸው።

ከፈቱት። ኮምፒውተሩ ላይ ዳር ይዞ በጨዋ ደንብ ይቀመጥ የነበረው የእሳቸው ምክር፣ ጠባቧ ስልክ ላይ ከሁሉ ቀድሞ እንደ ዘበኛ ተገትሯል። ከፍታው ራስ ያዞራል። በመጡበት ቀን ገላዎን አይታጠቡ። እራት አያብዙ። ሐይቁ ዳር ያለ ካፖርት አይቁሙ። ጨፋሪዎቹ መሃል አይግቡ፤ መለከት ነፊ ዞር ሲል ጥርስ ያወልቃል። በአውራ ጣታቸው ቢገፉት፣ ቢገፉት አያልቅም።

"ክፍል መያዣው የታለ?"

"ታች ነው። በሕይወት ከደረሱ።"

"ይሄን ያነበበ እንኳን ሊመጣ፣ ካለበትም ይሸሻል!" ብለው በራሳቸው ሳቁ። "ለካ እንግዳ አባራሪዋ እኔው ነኝ! ጎረቤት መተት አሰርቶብን ነው እያልኩ ሰው ሳማ ከረምኩ።"

"ላጥፋው?"

"አጥፊው። ካፖርቱን ብቻ ተዪልኝ።"

"እማማ!"

"እሺ፣ እሺ።"

ዩዲት ምክሩን አነሳች፣ ፊደሉን አጎላች፣ ክፍል መያዣውን ጣት እንዳይስተው አድርጋ ላይ አወጣችው። ሳምንት ሳይሞላ ከአሬኪፓ ከተማ አንድ ሰው በስልኩ ክፍል ያዘ። የሊማ ወሬም ቀረ።

ሰውዬው በበዓሉ ዋዜማ ሻንጣውን እየጎተተ ደረሰ። ዶኛ ሳቢና በወጉ ለከፍታ መድኃኒት የሚባለውን የኮካ ቅጠል ሻይ አቀረቡለት። ዝም ሊሉ ለራሳቸው ምለው ነበር፤ ግን ፊቱ ገርጣ አላቸው።

"ልጄ፣ አላዞረህም? ባለፈው አንዱ እዚችው ወንበር ላይ ነው ድፍት ያለው። ገላህን ዛሬ እንዳትነካ። እራትም ቀነስ አርግ። እንዲያው እናትህ ብቻህን ስትመጣ ዝም አለች?"

ከድረ ገጹ የጠፋው ሁሉ በአፋቸው ወጣ፤ ይሄኛውን ደግሞ በጣት ገፍቶ ማሳለፍ አይቻልም። ሰውዬው ሻዩን ሳይጨርስ "ሌላ ማረፊያ በየት በኩል ነው?" ብሎ ሻንጣውን አነሳ።

ዩዲት ከወጥ ቤት ስትወጣ ባዶውን ወንበር አየች፤ አያቷን አየች።

"ሩቅ አልሄደም" አሉ ዶኛ ሳቢና በቀጭን ድምፅ። "ሻንጣው ከባድ ነው።"

ልጅቷ ሳቋን ይሁን እንባዋን እየታገለች፣ ሰውዬውን ልትመልስ ከቤት ወጣች።